ከእጭ እስከ ጎልማሳ፦ የዛፍ እንቁራሪት አመጋገብ ማስታወሻ

እንቁራሪት ባደገ ቁጥር የምናበላውም እየበዛ መሄድ ያለበት ይመስላል። የሚያድገው ግን የጉርሻው መጠን ነው፤ የመመገቢያ ቀናቱ እያደር ይራራቃሉ። ብዙዎቻችን የምንስተው ይህን ነው። ማስታወሻው የተያዘው በአውስትራሊያው አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ነው፤ ጎልማሳው 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። ሌሎች ዝርያዎች የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ እንጠቅሳለን።

ጅራታሙ እጭ በአብዛኛው ቅጠል በል ነው። አልጌ እየፋቀ ይበላል፣ አንጀቱም ረጅምና የተጠቀለለ ነው። የስፒናች ወይም የሰላጣ ቅጠል በፈላ ውሃ አንድ ሁለት ደቂቃ አለስልሱ፣ አቀዝቅዙና የጥፍር ስፋት ያህል እየቆረጣችሁ ስጡ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ስፒሩሊና (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ) ያለበት የዓሣ ምግብ ፈጭታችሁ ቆንጠር አድርጉበት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካላለቀ በዝቷል ማለት ነው፤ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፣ እጩንም የሚገድለው ከረሃብ ይልቅ ይሄ ነው። በየ2 ወይም 3 ቀኑ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ። ውሃውን ለ24 ሰዓት ክፍት አድርጎ ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፣ ክሎራሚንን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ግን አያስወጣም፤ ለእሱ ማከሚያ ጠብታ ያስፈልጋል።

በውሃ ውስጥ የሚኖሩት ዝርያዎች ከዚህ ይለያሉ። የአፍሪካው ባለጥፍር እንቁራሪት እጭ ውሃ እያጣራ ስለሚበላ የስፒሩሊና ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይሰጠዋል። የድንኩ የአፍሪካ እንቁራሪት እጭ ደግሞ ሥጋ በል ነው፤ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ይፈልጋል። ለእሱ ስፒናች መስጠት ማስራብ ነው።

የፊት እግሮቹ ብቅ ሲሉ መመገብ አቁሙ። በእነዚህ ቀናት አፉ ቅርጹን ይለውጣል፣ አንጀቱ ያጥራል፣ እሱም የገዛ ጅራቱን እየመጠጠ ይኖራል። ክብደቱ መቀነሱ አያስደንግጥ። ይልቅ ውሃውን ወደ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጋችሁ የሚወጣበት ተዳፋት አብጁለት፤ መውጫ ያጣ እንቁራሪት ይሰምጣል።

ጅራቱ አልቆ ጉቶ ብቻ ሲቀር የመጀመሪያው ጉርሻ ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ሁልጊዜ የሚሠራው መለኪያ የዓይኖቹ ርቀት ነው፦ የሚሰጠው ነፍሳት ርዝመት በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ለግልገሉ መብረር የማይችሉ የፍራፍሬ ዝንቦችና ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆኑ የፌንጣ ጫጩቶች ይስማሙታል። በየቀኑ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ስጡት። ከሚንቀሳቀስ ነገር ውጪ አያይም ማለት ይቻላል፤ የሞተ ፌንጣ አፍንጫው ሥር ቢቀመጥ እንኳ ላይነካው ይችላል።

ካልሲየም ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ግልገሎች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። የፌንጣ ሰውነት ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንቁራሪቱ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን፣ ወደ 2 ለ 1 የሚጠጋ የካልሲየም ብልጫ ነው። ጉድለቱን ከአጥንቱ እያወጣ ይሞላዋል፤ ከዚያ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ ፌንጣዎቹን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ካሮትና ጎመን አብሏቸው። ሊሰጡ ሲሉ ቫይታሚን ዲ 3 ካለበት የካልሲየም ዱቄት ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ቀስ አድርጋችሁ አንቀጥቅጧቸው። ስስ ብናኝ ይበቃል፤ እንደ በረዶ ከነጡ እንቁራሪቱ ይተፋቸዋል። ወዲያው ስጡ፣ ፌንጣ ራሱን እየጠረገ ዱቄቱን ያራግፋል። ግልገል በየምግቡ፣ ታዳጊ አንድ ቀን እየዘለለ፣ ጎልማሳ በሳምንት አንዴ።

ሲበላ ልብ ብላችሁ እዩት። ጭንቅላቱን ያዘነብላል፣ ምላሱን ይወረውራል፣ ሲውጥ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ምግቡን ወደ ጉሮሮ ለመግፋት ያግዛሉ። እያነጣጠረ ደጋግሞ የሚስት ከሆነ፣ ወይም ምላሱ ወጥቶ ነፍሳቱን ሳይዝ ከተመለሰ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረትን ጠርጥሩ። ብዙ እንቁራሪቶች የካሮትን ቤታ ካሮቲን ወደ ቫይታሚኑ በደንብ መቀየር አይችሉም፤ የምትገዙት መልቲቫይታሚን ሬቲኖል (መቀየር የማያስፈልገው ቫይታሚን ኤ) ያለበት ይሁን። ግን አታብዙት፣ ሲበዛም ይመርዛል።

ቁመቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ አንድ ቀን እየዘለላችሁ አብሉት፦ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ ፌንጣ። ጎልማሳ ሲሆን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ትላልቅ ፌንጣ ወይም የዱቢያ በረሮ ይበቃዋል። የምድር ትልም ጥሩ ነው። የሰም ትል ስብ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ፤ የዱቄት ትል ከሆነ ደግሞ ቆዳውን ገና የቀየረውን ነጩን ምረጡ። አይጥ ባይሰጥ ይሻላል። ቀንዳሙ እንቁራሪት ጎልማሳው በ7 ወይም 10 ቀን አንዴ ቢበላ አይራብም፤ የቤት ጓደኛውን ግን ይውጠዋል፣ ለብቻው ይኑር።

እንቁራሪት የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር ይጎርሳል፤ በእሱ ፍላጎት ከሄዳችሁ ይወፍራል። ከዓይኑ በላይ ያለችውን የስብ ጠርዝ እዩ። ጭራሽ ከሌለች ከስቷል፣ ስስ ሆና ከታየች ጥሩ ነው፣ ወደ ዓይኑ ከተደፋች አንድ የመመገቢያ ቀን ቀንሱ። በወጥ ቤት ሚዛን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ታዳጊውን በየሳምንቱ፣ ጎልማሳውን በየወሩ መዝኑት። ቀን፣ የተሰጠ፣ የተበላ፣ ግራም፣ ዓይነ ምድር፦ እነዚህ አምስቱ ከተመዘገቡ ይበቃል።

ሳይበላ የቀረ ፌንጣ ከሳጥኑ ይውጣ፤ የተኛውን እንቁራሪት ቆዳ ይነክሳል። ጠጠር ባለበት ወለል ላይ ደግሞ በወረንጦ ወይም ለስላሳ ሳህን ላይ አብሉ፤ ከምግቡ ጋር የዋጠው ጠጠር አንጀቱን ይዘጋል። ከደጅ የተያዙ ነፍሳት ፀረ ተባይ ሊኖርባቸው ስለሚችል አይሰጡ።

ምግብ እምቢ ካለ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ። ለዚህ ዝርያ ቀን ላይ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከቀዘቀዘ መፍጨት ስለሚከብደው በግድ ማጉረስ ይጎዳዋል። የገዛ ቆዳውን ሲበላ ካያችሁት ግን ተዉት፣ ሲቀይር ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው። ሙቀቱ ልክ ሆኖ ጎልማሳው ከሁለት ሳምንት በላይ ካልበላ፣ ግልገሉ ደግሞ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ዓይነ ምድር ከጠፋ፣ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።