ጋሼ በኪሳቸው የከተቷት ድንጋይ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ላይ ሚኒባስ ይዤ እንግዳ አመላልሳለሁ። ፈረንጁ ሶዌቶን ይላል። ሀበሻ ከሆነ ግን ስተርክፎንቴይን ዋሻ መሄድ አይቀርም። «ከድንቅነሽ የሚበልጥ ምን አላቸው?» የሚል እልህ ያለብን ይመስለኛል።

ዋሻው ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። «ሚስስ ፕሌስ» የተባለችው የጥንት ሰው መሰል ፍጡር የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ1947 የተገኘችው እዚህ ነው። ያገኟት ተመራማሪዎች ሮበርት ብሩምና ጆን ሮቢንሰን በድማሚት ነበር የሚቆፍሩት። ቅሉንም የሰነጠቀው ያው ፍንዳታ ነው። ከእነሱ በፊት ደግሞ ኖራ አውጪዎች ዋሻውን ብዙ አፍርሰውታል።

አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ቤተሰብ ይዤ ሄድኩ። አባትየው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ድንቅነሽ ሲያስተምሩን ሄዱ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት! ዋሻ ውስጥ አስጎብኚዋ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ጥናት ጠቀሰች። እነ ሚስስ ፕሌስ የተገኙበት ክፍል ከ3.4 እስከ 3.7 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል ይላል። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነው የለካው?» አሉ።

ትንሽ እንደሄድን ጎንበስ ብለው አንዲት ድንጋይ ኪሳቸው ከተቱ።

አስጎብኚዋ አየች። አልጮኸችም። «አባቴ፣ ከየት ነው ያነሱት?» ብቻ አለች። «ከመሬት ነዋ! አጥንት አይደለ፣ ተራ ድንጋይ ነው» አሉ። ያለ ፈቃድ ከዚህ መውሰድ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ነገረቻቸው። ግን እሱ ላይ ብዙ አልቆየችም። ወደ ጋሼ ጥያቄ ተመለሰች።

ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ዕድሜው የሚሰላው በእሱ ነው። እዚህ አመድ የለም። የ2022ቱ ቁጥር የተገኘው ከአጥንቱ ሳይሆን አጥንቱን ከያዘው፣ እንደ ኮንክሪት ከደረቀው ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ከመሬት በላይ ሳለ የጠፈር ጨረር ይመታውና ልዩ ዓይነት አልሙኒየምና ቤሪሊየም ይፈጠርበታል። ዋሻ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እየቀነሱ ይሄዳሉ። ምን ያህል እንደቀረ ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል።

የጋሼ ልጅ ሳቀች። «አባዬ፣ የክርክሩን ማስረጃ እኮ ነው ኪስህ የከተትከው!»

አስጎብኚዋ «ሊትል ፉት» የተባለውን አጽምም ጨመረችላቸው። ተመራማሪው ሮን ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1994 አራት የእግር አጥንቶች ያገኘው የእንስሳ አጥንት በተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ነው። በ1997 ስቲቨን ሞትሱሚና ንክዋኔ ሞሌፌ የዚያኑ አጽም የተሰበረ አጥንት ቅጂ ይዘው፣ በእጅ ባትሪ ጨለማውን ሲፈትሹ፣ በሁለት ቀን ከእሱ ጋር የሚገጥመውን ስባሪ ግድግዳው ላይ አገኙ። ቀሪው አካል እዚያው ነበር። ያቺን የግድግዳ ቁራሽ አንድ ጎብኚ ለመታሰቢያ ብሎ ወስዷት ቢሆንስ?

ጋሼ ድንጋዩን አወጡ። ሊመልሱት ጎንበስ ሲሉ ግን ከለከለቻቸው። ትክክለኛ ቦታውን ካላወቁ ሌላ ቦታ መጣሉም ጥፋት ነው፤ ነገ የሚያጠናውን ያሳስታል። ተቀብላቸው ለቢሮው ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ «አትንኩ» ብዬ አልጀምርም። እውነቱን ለመናገር እኛ ላይ ብዙም አይሠራም። ገና መኪና ውስጥ የ2022ቱን ክርክር እለኩሳለሁ። ዕድሜውን ማን እንደለካው፣ ከምን እንደለካው እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ። ዋሻ ሲገቡ ድንጋዩን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት። ለሚቀጥለው ጎብኚም «ኧረ እጅህን!» የሚሉት እነሱው ናቸው። የእጅ ቅባት ድንጋይ እንደሚያበላሽ፣ መብራት ሲበዛም አረንጓዴ ነገር እንደሚበቅልበት ያኔ ብነግራቸው ይሰሙኛል።

እጁ አላርፍ ላለው ደግሞ መላ አለኝ። ውጪ የሮበርት ብሩም ሐውልት አለ። ለዕድል እያሉ አፍንጫውንና እጁን ሲያሹት ያብረቀርቃል። «እስክንወጣ ታገሡ፣ የፈለጋችሁትን ያህል የምትነኩት ሰውዬ አለላችሁ» እላቸዋለሁ።