ማስተማር የማንችል ወላጆች ልጆቻችንን ያስጠናነው እንዲህ ነው

የልጄ ሒሳብ ከአቅሜ በላይ የሆነው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ክፍልፋይ እኔም ተምሬ ነበር፤ ግን የት አስታውሼው። ጎረቤቶቼም ያው ናቸው። አንዷ የማታ ተረኛ ናት፣ አንዱ ማንበብ አይችልም፣ የቀረነው ደክሞን ነው የምንገባው። አስጠኚ ለመቅጠር ደግሞ የሁሉም ኪስ አይፈቅድም። ስለዚህ «ማን ያስተምር?» የሚለውን ትተን «ማን አብሯቸው ይቀመጥ?» ብለን ጀመርን።

ሰፋ ያለ ሳሎን ያላት ጎረቤት ቤቷን ፈቀደች። ተራ አወጣን። ገንዘብ ላለማዋጣት ተስማማን፤ ገንዘብ ከገባበት ንዝንዝ አይቀርም። ተረኛው ወላጅ ቴሌቪዥን ያጠፋል፣ ስልክ ይሰበስባል (የራሱንም ጭምር፣ የከበደን ይሄ ነው)፣ ከዚያ ልጆቹን ይጠይቃል።

ማንበብ የማይችለው ጎረቤታችን ሁላችንንም የበለጠን እዚህ ላይ ነው። ልጁን ደብተሩን ያስዘጋውና «እስቲ ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ይለዋል። ትምህርቱን ስለማያውቀው ጥያቄው የምር ነው። «ቆይ፣ ለምን?» ይላል። ልጁ ይንተባተባል፣ ደብተሩን ገልጦ ያያል፣ ይዘጋና እንደገና ያስረዳል። እኔ ስሆን ቶሎ መልሱን እነግራቸዋለሁ፤ እሱ መልሱ የለውም።

«ጥናት ማለት ደጋግሞ ማንበብ ነው» ብሎ የሞገተን አባት ነበር። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን ጥናት ነገርኩት። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንዴ ካነበበ በኋላ ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት ቀደሙ። አባትዬው ሙሉ በሙሉ ባያምንም ደብተር ማስዘጋቱን ለመደ።

ታላላቆቹ ታናናሾቹን ያግዛሉ፤ ግን የራሳቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ያለ ገደብ ከተተወ ጎበዟ ልጅ የሰፈሩ ነፃ አስተማሪ ሆና ትቀራለች። የማን ልጅ ስንት አመጣ የሚባል ወሬም ሳሎኑ ውስጥ ክልክል ነው። ሰዓት ሲደርስ፣ ነገ ፈተና ቢኖርም ይበተናሉ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ይመከራል፤ የእኛዎቹ ያን ያህል አይተኙም ነበር።

ትምህርት ቤት ስንሄድ ደግሞ አጠያየቃችንን ቀየርን። «ልጄ እንዴት ነው?» ላለ ወላጅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ያወራል።» አሁን «ከዚህ ወር ትምህርት ያልገባው የቱ ነው? ቤት ምን ላሠራው?» እንላለን። መምህራኑ መጀመሪያ ግር አላቸው፣ ኋላ ገጹን ሳይቀር ይነግሩን ጀመር።

ከሁሉም በላይ ውጤት ያየንበት ግን ከጥናቱ ውጭ ነው። አንድ ልጅ በወር ሁለት ሦስት ቀን ይቀር ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለምሳሌ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከትምህርት ቀናት ከ100 አስሩን የቀረ ተማሪ «አዘውትሮ ቀሪ» ተብሎ ክትትል ይደረግለታል። በወር ወደ 20 የትምህርት ቀን ቢኖር ሁለቱ መሆናቸው ነው። ሁላችንም ልጁ ሰነፍ ነው ብለን ነበር። ለካ እናቱ ማለዳ ሥራ በምትገባባቸው ቀናት ታናሽ እህቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ «እኔ ጋ ትዋል» አለች። ልጁ መቅረት አቆመ።

ያልተፈታልን የትልልቆቹ ፊዚክስ ነው። ደብተር አስዘግቶ መጠየቅ እዚያ ላይ ብዙ አያስኬድም፤ ልጁ ተሳስቶ ቢያስረዳን በምን እናውቃለን? ለጊዜው ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ የራሱ ፈተና ከሌለበት።