የጎርፍ መውረጃ ቦያችንን ጉዳይ ለከተማው ምክር ቤት እንዴት አቀረብነው

ነዋሪ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ለዚህ ጉዳይ ትኩረት ይሰጠው» ካለ፣ የሚያገኘው መልስ «ትኩረት ሰጥተን እንሠራበታለን» ነው። ቃለ ጉባኤውም ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል ስለሌለበት በኋላ ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ስለዚህ የሰፈራችንን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጉዳይ ስናነሣ መጀመሪያ የወሰንነው፣ ምክር ቤቱ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ብሎ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ይዘን ለመግባት ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገኘው ቦታው ላይ በመሄድ ነው። ቦዩን ከላይ እስከ ታች በሜትር ለካነው፤ ደለሉ የት የት ላይ ምን ያህል እንደተከመረ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ባደረግንበት ዘንግ እያጠለቅን አየን። ፎቶም ያነሣነው ከአንድ ቦታ ቆመን፣ በበጋም በዝናብም፣ ያው ዘንግ ውስጡ እንደቆመ ነው። መለኪያ የሌለው የጎርፍ ፎቶ ለመሐንዲስ ብዙም አይነግረውም፤ ጥልቀቱን ማንበብ አይችልምና።

ልኬቱ ሁለት ነገር አሳየን። የላይኛው ቱቦ ዲያሜትር 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን መንገዱን የሚያቋርጠው ግን 40 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የክብ ቱቦ አፍ ስፋት የሚሰላው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ፣ የ40ው አፍ የ60ውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይታገዳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የተሸከመውንም ደለል እዚያው ያራግፋል። ሁለተኛው፣ ቦዩ በተጠረገ ቁጥር የወጣው ጭቃ ዳር ላይ ተከምሮ ይቀራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። «ቦዩ አይጠረግም» የሚለው የነዋሪው ቅሬታ እንግዲህ ልክ አልነበረም። ይጠረጋል፤ ጭቃው ግን አይነሣም። ይህን ሳያጣሩ ቢገቡ ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል የጠረገበትን ሪፖርት አውጥቶ ያነባል፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ መጣራት ያለበት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ቦዩ የማዘጋጃ ቤቱ ሆኖ መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ቱቦው የሚያልፈው በመንገዱ ሥር ከሆነ ደግሞ ለመቆፈር የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በስብሰባው ላይ «ይህ እኛን አይመለከትም» ከተባለ የተሰጠው ጊዜ በክርክር ያልቃል። ስለዚህ ለሁለቱም አስቀድመን ጻፍን፤ ደብዳቤው አንድ ገጽ፣ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የሚል፣ ለሌላው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ያለው፣ ልኬቱና ፎቶው አባሪ የሆነበት። መዝገብ ቤት ሲገባ በእኛ ቅጂ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ግድ ነው። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ «አልደረሰንም» ሊባል ይችላል። አጀንዳው ከመዘጋቱ በፊት መድረሱም ወሳኝ ነው፤ ብዙ ምክር ቤቶች አጀንዳ ባልተያዘለት ጉዳይ ላይ ሐሳብ ይሰማሉ እንጂ አይወስኑም።

ፊርማ ስናሰባስብ ብዛቱን አልተከተልንም። ከስሙ ጎን የቤቱ ቁጥር የሰፈረበት፣ ቤቱም ቦዩ ዳር የሆነ ሰው ፊርማ፣ ከሩቅ ሰፈር ከመጣ ረጅም ዝርዝር ይልቅ ክብደት አለው።

ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። በሰዓት እየያዙ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይበጃል፤ በዓይን ሲያነቡት አጭር የመሰለ ጽሑፍ በአፍ ሲነበብ ይረዝማል። ብዙ ሰው ተነሥቶ ያንኑ ሲደጋግም ሰብሳቢው «ተመሳሳይ ሐሳብ ስለሆነ» ብሎ ይዘጋል። እኛ ተከፋፈልነው፦ አንዱ ልኬቱን፣ አንዷ የደረሰውን ጉዳት፣ የመጨረሻው ጥያቄውን ብቻ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ ቦዩ ከክረምቱ በፊት ተጠርጎ ጭቃው በዚያው ቀን ይነሣ፤ የምሕንድስና ክፍሉም መንገዱን የሚያቋርጠውን ቱቦ በ60 ለመቀየር የዋጋ ግምት አዘጋጅቶ ከበጀት ዝግጅት በፊት ያቅርብ።

ጥያቄውን እንዲህ የከፈልንበት ምክንያት አለው። ጠረጋ ከመደበኛው የጥገና በጀት ሊሠራ ይችላል፤ ቱቦ መቀየር ግን የካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታ ተለይቶ የሚመደብ ገንዘብ፣ የሚጠይቅ ነው። በጀት ከጸደቀ በኋላ «ቱቦው ይቀየርልን» ብሎ መምጣት ሙሉ ዓመት ያስጠብቃል። የዋጋ ግምት ግን በማንኛውም ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል፤ ግምቱ በወረቀት ካለ ደግሞ በጀት ሲዘጋጅ መነሻ ይሆናል።

ኃላፊውን በስሙ እየጠሩ መውቀስ፣ ንዴቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ ስብሰባውን ከቦዩ ወደ ሰውየው ያዞረዋል። እንዲህ ያለውን ተናጋሪ አስቀድሞ ማናገርና ቁጭቱን በጉዳቱ መግለጫ ውስጥ እንዲያስገባው መርዳት ይሻላል።

መልስ ሲሰጥ ቃል በቃል እንጽፋለን፦ ማን እንዳለ፣ ከየትኛው ክፍል፣ የጠቀሰውን ቀን። ቀን ካልጠቀሰ ሰብሳቢውን በአክብሮት «እስከ መቼ ይሁን?» ብሎ እዚያው መጠየቅ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ያንኑ በደብዳቤ ጽፎ ገቢ ማስደረግ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ መገኘት ያስፈልጋል። የጎደለ ነገር ካለ ማረም የሚቀለው ከመጽደቁ በፊት ነው። «በመስከረም» የተባለው ቃለ ጉባኤው ላይ «በቅርቡ» ሆኖ ከገባና በዚያው ከጸደቀ፣ ያ ቀን እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ሥራው ሲጀመር ነዋሪው አይራቅ። ቱቦው አፈር ከመልበሱ በፊት ዲያሜትሩን መለካት፣ ከላይ ውሃ አፍስሶ መሐል ላይ ሳይቆም መውረዱን ማየት ይቻላል፤ ከተሸፈነ በኋላ ስሕተት ቢገኝ እንደገና መቆፈር ነው። ከርክክብ በፊት የነዋሪ ተወካይ ተገኝቶ እንዲያይ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለምሕንድስና ክፍሉ ማስገባት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ እርሱም ገቢ ቁጥር ይኑረው።