ላይኛው ክንፍ ገባ፤ አሁን የቀረኝ ሽቦው ነው

የፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሞ ለሚሠራ ጀማሪ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን፣ ማለትም አንዱ ክንፍ ከሌላው በላይ የሆነ፣ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን የሚከብደው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ላይኛውን ክንፍ መግጠም ላይ። እሱን ትናንት ማታ ስለጨረስኩ ደስታው ሳይበርድ ልጻፍላችሁ።

የያዝኩት ኤርፊክስ የሚባለው የሞዴል ኩባንያ ያወጣው ታይገር ሞዝ የተባለ የእንግሊዝ ማሰልጠኛ አውሮፕላን ነው፣ 1/72፤ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ፤ ቀለሙም ሙጫውም ብሩሹም አብሮ የታሸገበት። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ የኔው 12 ሴንቲሜትር ተኩል አይሞላም። ልቤ ያለው ፖቴዝ 25 ላይ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው፣ አገራችን የገባው የመጀመሪያው አውሮፕላን። እሱም ባለ ሁለት ክንፍ ነው። ግን እጄ እስኪፍታታ በዚህ ልጀምር ብዬ ነው።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ላይኛው ክንፍ አንዴ ከተጣበቀ መሃሉ ላይ ብሩሽ እንደልብ አይገባም። ስለዚህ ክንፎቹን፣ አካሉንና ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኙትን ቋሚዎች በሳሙና አጥቤ ለየብቻ ቀባኋቸው፤ የሚጣበቁበትን ነጥብ ብቻ ባዶ ተውኩ። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፣ ቀለም ላይ ካረፈ በደንብ አይዝም። በውሃ ተነክረው የሚለጠፉትንም ምልክቶች ክንፉ ሳይገጠም ጨረስኩ።

ቀለሙ ከላይ አረንጓዴና ቡናማ፣ ከሥር ቢጫ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ማሰልጠኛዎች የተቀቡት። አረንጓዴውና ቡናማው ቶሎ ይሸፍናሉ። ቢጫው ግን ትዕግስት ይፈልጋል። መጀመሪያ ነጭ መቀባት፣ ከዚያ ቢጫውን በውሃ ቀጠን አድርጎ ማልበስ፣ ሲደርቅ ደግሞ መድገም። ወፍራም አድርጎ በአንዴ መገላገል ያምራል፤ ግን ክንፉ ላይ የተወጠረውን ጨርቅ የሚያሳዩት ስስ መስመሮች ይደፈናሉ፣ ውበቱ ደግሞ እነሱ ናቸው።

የጎንደር በጋ ለቀለም ጥሩ ነው፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ነው፤ እኛ ደግሞ አዘዞ መንገድ ዳር ነን። ስለዚህ ጠዋት ቀብቼ ሳፋ እደፋበታለሁ። እማዬም ሳፋውን ከማንሳቷ በፊት «ደረቀልህ?» ብላ ትጠይቀኛለች።

ወደ ክንፉ ልመለስ። ላይኛውን ክንፍ ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት፣ ቋሚዎቹን በወረንጦ ተከልኩ፣ ሙጫው መያዝ ጀምሮ ግን ገና ሲላወስ ታችኛው ክንፍ የደረቀበትን አካል ገልብጬ አሳረፍኩበት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከፊት እያዩ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ፣ በካርቶን ደግፎ እስከ ጠዋት አለመንካት። ላይኛው ክንፍ ከታችኛው ወደ ፊት ቀደም ይላል፣ ያ ስህተት አይምሰላችሁ። ፊት ወንበር ላይ ያለው ሰው በአደጋ ጊዜ በፓራሹት መዝለል እንዲችል ብለው ነው የክንፉን መሃል ወደ ፊት ያመጡት፤ ሚዛኑ እንዳይዛባ ደግሞ ክንፎቹን ትንሽ ወደ ኋላ አዘነበሏቸው። እንዲህ ያለ ምክንያት ሲገባኝ ሥራውን ይበልጥ እወደዋለሁ።

ቀጣዩ በሁለቱ ክንፎች መሃል የሚወጠረው ሽቦ ነው። በእውነተኛው ላይ ሲበር ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዙ አሉ፣ መሬት ላይ ሲሆን ወደ ታች እንዳይወርድ የሚይዙ ሌሎች። እኔ የማደርገው ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጣው ትርፍ ፕላስቲክ ነው። ከሻማ ነበልባል በላይ ይዞ እያሽከረከሩ ማሞቅ፣ ሲለዝብ ከእሳቱ ማራቅ፣ ከዚያ መሳብ። እሳቱ ላይ እያለ ከተሳበ ይበጠሳል። ስሞክረው ፀጉር የሚያክል ወጣልኝ! ጫፉን በኮላ ነጥብ አጣብቄ፣ የላላ ካለ ገና የጠፋ ክብሪት ጠጋ አደርግለታለሁ፤ ሙቀቱ ይወጥረዋል።

በዚህ መሃል ፖቴዝ 25ን በ1/72 ያያችሁበት ካለ ጠቁሙኝ፣ በሚቀጥለው ክረምት እሱን ነው የምይዘው።