አስጎብኚ አያስፈልገንም

ባለቤቴ ሐረርን የሚያውቃት ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ሲማር አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ስላደረባት ነው። ያቺ አንዲት አዳር በእኛ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር እየሰባች፣ እየፋፋች፣ ዛሬ «ሐረር በነበርኩ ጊዜ» የምትባል ሙሉ ዘመን ሆናለች። እኔ ደግሞ ይህን ዘመን በዓይኔ ማየት አማረኝ።

ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከወንድሜ የተዋስናት ቪትዝ አዋሽን እስክንሻገር ጨዋ ነበረች፤ ከአሰበ ተፈሪ በኋላ የጨርጨር ዳገት ሲጀምር ግን ማንቋረር አመጣች። ቁልቢ ገብርኤልን ተሳለምን። ድሬዳዋ ወርደን የከዚራን ጥላማ መንገዶችና አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ልናይ አስበን ነበር፤ ሆኖም ቪትዟ የደንገጎን ቁልቁለት ከወረደች በኋላ ተመልሳ ስለመውጣቷ ማንም ዋስ ሊሆን ስላልቻለ ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

ሐረር ደርሰን ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር ላይ መኪናዋን እንዳቆምን መታወቂያውን ደረቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት አስጎብኚ ቀረበን።

«አቦ ጋሼ፣ ጀጎልን ብቻዎን አይዘልቁትም፤ ይጠፋብዎታል» አለ በትሕትና።

ባለቤቴ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገውና «አስጎብኚ አያስፈልገንም። አንተ ሳትወለድ እኔ እዚህ ነበርኩ» አለው። ልጁ አልተከራከረም። ግንቡ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። መቀመጡን አልወደድኩትም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ የከበበው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ 48 ሄክታር ገደማ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን መንገዱ ይጠብባል፣ ይታጠፋል፣ የሰው ደጅ ላይ ደርሶ ያበቃል። ባለቤቴ እንዳንጠፋ ብሎ ምልክት መረጠ፦ «ነጩን መስጊድ ያዢ» አለኝ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ከእነሱ መካከል ነጭ ያልሆነውን ብይዝ ኖሮ የተሻለ ይጠቅመን ነበር።

የልብስ ስፌት መኪኖች በሚንጫጩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ስናልፍ አንድ ልብስ ሰፊ እጅ ነሥቶ ሰላም አለን። ቆይተን ደግመን ብቅ ስንል ቀዝቃዛ ውሃ ጋበዘን። በኋላ ላይ ግን ቀና እንኳ ሳይል የመውጫውን አቅጣጫ በመቀሱ ያሳየን ጀመር። ባለቤቴ መቀሱ ከጠቆመው በተቃራኒ ሄደ።

ሥጋ ተራው ላይ ስንደርስ ረኃቡ ስለጠናብን ሳምቡሳ ገዛን። ከላያችን ጭልፊቶች ክንፋቸውን ዘርግተው ይዞራሉ። ባለቤቴ የያዘውን ሳምቡሳ ወደ ሰማይ እየቀሰረ ስለ ጭልፊቶቹ ጠባይ ማስረዳት ጀመረ፤ ሥጋ ከእጅ እንደሚነጥቁ፣ ሰውን ግን እንደማይነኩ። ገለጻው ትክክል ነበር። ጉንጬን ነፋስ ነካው፣ አንድ ነገር ሽው አለ፤ በጣቶቹ መካከል የቀረው ዘይትና የምስር ፍሬ የተጣበቀባት የሊጥ ጥግ ብቻ ነበር። ሥጋ ሻጮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ የሳቅኩት ትንሽ ነው፤ እሱ ግን ከሁሉም ያስቀየመው የእኔው ሳቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተኳርፈን ሄድን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ገብተን እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከፊት ለፊት ሰው መጣ፤ ያ አስጎብኚ ልጅ! ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች አስከትሏል። ለእነሱ የሚያስረዳውን ሰማሁ፦ ቦታው የእርቅ መንገድ ይባላል፣ ጥበቱ የተጣሉ ሰዎች እዚህ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ እንዳይተላለፉ ያደርጋል። ይህን እያለ ዓይኑ እኛ ላይ አረፈ። አንዴ የባለቤቴን ፊት፣ አንዴ የእኔን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ጨመረላቸው። ፈረንጆቹ በደስታ ካሜራቸውን አወጡ። ምን እንዳላቸው መገመት አያስቸግርም፤ ታሪኩን ከነማስረጃው እያሳያቸው ነበር።

«ፈገግ በይ» አለኝ ባለቤቴ በጥርሱ መካከል። በዚህ ዓይነት ታረቅን።

ግድግዳው ላይ ተለጥፈን ስናሳልፋቸው በፈረንጆቹ ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ከልጁ ጋር ዋጋ ተስማማሁ። እንግዶቹን ሸኝቶ እስኪመለስ ከቦታችን እንዳንነቃነቅ አዘዘን፤ አልተነቃነቅንም። ሲመለስ ሁለት ጊዜ አጠፈና ፈረስ መጋላ ላይ አወጣን። ያን ሁሉ ሰዓት የተንከራተትነው ከአደባባዩ ጀርባ ነበር። ፈጢራ በእንቁላልና በማር ያስቀረበልን ጊዜ ባለቤቴ ስለ ታሪክ ምንም ሳይተነፍስ ሁለት ሰሃን ጨረሰ።

ማታ ልጁ ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚቀለብበት ቦታ ወሰደን። ቀላቢው ጅቦቹን በስማቸው እየጠራ በቪትዟ መብራት ውስጥ ሰበሰባቸው። ባለቤቴ አልፈራም ብሎ ተንበረከከ። ሥጋ የተጠቀለለበትን አጭር እንጨት በጥርሱ አስነከሱት፤ አንዲት ጅብ ከኋላ መጥታ የፊት እግሮቿን ትከሻው ላይ ጫነችና አንገቷን አስረዝማ ሥጋውን ጎተተች። ጸጥታው ደስ አለኝ። እንጨት የነከሰ ሰው ማስረዳት አይችልም።

«ፎቶው ወጣ እትዬ?» አለኝ ልጁ።

«መብራቱ አልተስተካከለም» አልኩት።

ባለቤቴ ዓይኑን አፍጥጦ በአፍንጫው አንድ ነገር ለማለት ይታገላል። ቦርሳዬን ከፍቼ የተጨማሪ ሥጋ ሒሳብ ከፈልኩ።