«ለምን አይደውልላትም?»

የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ስክሪፕቴን የመጀመሪያ ረቂቅ እንደጨረስኩ ጓደኞቼን ሰብስቤ ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን። ገጽ 60 ላይ ስንደርስ አንዷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ለምን አይደውልላትም?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ልጁ የሚወዳትን ልጅ ከሌላ ወንድ ጋር ተቃቅፋ ያያታል። ሰውዬው ወንድሟ ነው። እሱ ግን ሳይጠይቅ አኩርፎ ይጠፋል። ቀጣዩ 30 ገጽ በሙሉ የቆመው በዚህች አለመግባባት ላይ ነበር። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ስለሚሆን፣ አንድ ስልክ በሚፈታው ችግር ተመልካቹን ግማሽ ሰዓት ላስጨንቀው ነበር ማለት ነው።

የፍቅር ኮሜዲ ከልቤ ነው የምወደው። ለመጻፍ ቀላል ነው የሚሉትን አልቀበልም። መጨረሻውን ሁሉም ሰው ፖስተሩን አይቶ ያውቀዋል፤ ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው ወንበሩ ላይ ማቆየት አለብን። ለዚህ ሁለቱን የሚያራርቃቸው ነገር የምር መሆን አለበት።

ስክሪፕቱን ዘግቼ ማስታወሻ እየያዝኩ ፊልም ማየት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ዋና ተዋናይ፣ ዋና ተዋናይትና ስክሪፕት፣ በጠቅላላው 5 ኦስካር የወሰደ ነው። በፊልሙ ወንዱ ከሥራ የተባረረ ጋዜጠኛ ነው፤ ጥሩ ዜና ይፈልጋል። ሴቷ ከአባቷ አምልጣ ባሏ ጋ መድረስ ትፈልጋለች። አብረው የሚጓዙት ሁለቱም ሌላ ጉዳይ ስላላቸው ነው። ፍቅሩ በመሀል ሳይጠሩት ይመጣል። የእኔዎቹ ግን ከመዋደድ ሌላ ምንም ሥራ አልነበራቸውም።

የበለጠ የጠቀመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ነው። በየመሀሉ አረጋውያን ጥንዶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደተገናኙ ይናገራሉ። የሚናገሩት ተዋንያን ናቸው፤ ታሪኮቹ ግን ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። እኔም ተነስቼ የማውቃቸውን ጥንዶች መጠየቅ ጀመርኩ። እንዴት ተገናኛችሁ? መጀመሪያ በምን ተጣላችሁ?

አንድም ጥንድ ታሪኩን ሳይተራረም አልጨረሰም። «ዝናብ ነበር» ይላል እሱ። «ኧረ ምን ዝናብ፣ ፀሐይ ነበር» ትላለች እሷ። «ጃንጥላ ይዘሽ ነበር እኮ!» «ለፀሐዩ ነዋ!» እንዲህ ሲከራከሩ እጇ ጉልበቱ ላይ ነው። ለሦስት ወር የጻፍኳቸው የፍቅር ንግግሮች ሁሉ ተደምረው የዚያን እጅ ያህል አልነበሩም። አንድም ሰው ደግሞ ስለ ትልቅ ቃል ኪዳን አላወራኝም። የሚያስታውሱት ጥቃቅኑን ነው፤ ማን ስልኩን ቀድሞ እንደዘጋ፣ ማን ዕቃ እንደረሳ።

ከዚያ ሁለተኛውን ረቂቅ ከባዶ ጀመርኩ። ወንድምየውን አወጣሁት። የአየር ማረፊያውን ሩጫም ሰረዝኩ። ቀልድ ብቻ የሚያወራውን የልጁን ጓደኛም እንዲሁ፤ እሱ በተናገረ ቁጥር ደራሲው «ሳቁ» እያለ የሚለምን ነበር የሚመስለው። ሰው የሚያስቀው አንድን ነገር አጥብቆ ፈልጎ ሲያቅተው ነው፤ ገጸ ባሕርይው ራሱ መሳቅ የለበትም።

አሁን ልጁ የሚፈልገውን አፍ አውጥቶ መናገር የማይችል ሰው ሆነ። ለሁሉም ነገር «ችግር የለም» ይላል። ልጅቷ ደግሞ ከዚህ በፊት ዝም ባለ ሰው ተጎድታለች፤ ሳይነግሯት አታምንም። ስለዚህ ይደውላል። ደውሎ ግን ስለ ሥራ ያወራል፣ «ደህና ነሽ አይደል?» ይላል፣ ይዘጋል። እሷም የዘጋውን ስልክ ይዛ ትቀመጣለች። አሁን ስልክ የሚፈታው ነገር አይደለም።

በጣም የለፋሁበት የዕርቁ ትዕይንት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ዝናብ ላይ ቆመው የሚያለቃቅሱበት ሦስት ገጽ ነበር። አሁን ልጅቷ በሩን ታንኳኳለች፤ ይከፍታል።

«ቻርጀርህን ረስተህ ነበር።»

ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

እዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ፤ እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ችግር የለም» ሳይል ይቀራል። «አትሂጂ» ይላል። ያቺን አንዲት ቃል ለማግኘት ስምንት ጊዜ ያህል ነው የጻፍኩት።

ያንኑ ቡድን መልሼ ሰበሰብኩ። «አውቃለሁ» የሚለው ጋ ስንደርስ ሁሉም ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ቤቱ ጭጭ አለ። ያቺ ጓደኛዬ አንገቷን ቀና ሳታደርግ ገጹን ገለጠች።