አራተኛው የፎጣ ጥሪ

ሃውስማን ማለት ሆቴል ውስጥ እንግዳ የጎደለውን ሁሉ ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው ነው። ፎጣ፣ ትራስ፣ ካውያ፣ የሕፃን አልጋ። ላስ ቬጋስ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሐበሾች ብዙ ነን። ከቀኑ አሥር ሰዓት እገባለሁ፣ እኩለ ሌሊት ላይ እወጣለሁ። ጥሪው በሬዲዮ ይመጣል፤ አደርሳለሁ፤ ስልኬ ላይ "ደርሷል" የሚለውን ነካ አድርጌ ወደሚቀጥለው ክፍል እሄዳለሁ። ያቺን "ደርሷል" የምትል ቁልፍ መንካት በማይገባኝ ሰዓት የነካሁበትን ሌሊት ነው የምነግራችሁ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፣ የዐቢይ ጾም አጋማሽ። ቅዳሜ ማታ የኤምኤምኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ) ውድድር ስላለ ሆቴሉ በተፋላሚዎች ተሞልቷል። እነዚህን ሰዎች በጆሯቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ በትግል ብዛት ተጨማዶ፣ አብጦ የደረቀ ነው። ሰው እንደሚያስባቸው ግን ጠበኞች አይደሉም። ከሚገቡልን እንግዶች ሁሉ ትሑቶቹ እነሱ ናቸው፣ ሊፍት ውስጥ ቀድመው ሰላም የሚሉ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ ስድስት ትልልቅ ፎጣ ተጠየቀ። አደረስኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያው ክፍል ስምንት ሌላ። በሩን የከፈተልኝ አሰልጣኙ ነው፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ሰውዬ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ የመስኮቱ መስታወት ላብ አውጥቷል፣ ምንጣፉ ላይ የዲጂታል ሚዛን ተቀምጧል፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ገንዳ ውሃ ውስጥ የሚጨመር የኤፕሰም ጨው ባዶ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ተፋላሚው ልጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። ቀደም ብዬ ባመጣኋቸው ፎጣዎች ከእግሩ እስከ አናቱ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ይታያል። ገንዘውታል ማለት ይቀላል። ማስቲካ እያኘከ በባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይተፋል፤ የሚተፋውም ምራቅ አልነበረም፣ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ነገር ነው።

ጋሪዬ ላይ የራሴ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ልጁ እኔን አላየኝም፣ ጠርሙሱን ነበር የሚያየው። አፍሬ ከፎጣዎቹ ሥር ሸሸግኩት።

"ጾም ላይ ነህ?" አልኩት።

ከንፈሩ ብቻ ፈገግ አለ። አሰልጣኙ መለሰልኝ፦ "እስከ ነገ ጠዋት። ሦስት ሰዓት ላይ 136 ፓውንድ ሆኖ ሚዛን ላይ መቆም አለበት።" የተፈራረመው በ135 ፓውንድ ነው፣ ወደ 61 ኪሎ መሆኑ ነው። ለቀበቶ ያልሆነ ግጥሚያ ላይ አንድ ፓውንድ ይፈቀዳል። ዛሬ ቀትር ላይ 146 ነበር፤ አሁን 140 ገብቷል።

እህል ውሃ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋልን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የልጁ ግን ጾም አልነበረም። አሰልጣኙ ፎጣ እየቆጠረ ነገረኝ። በሳምንቱ መጀመሪያ በቀን ሰባት ስምንት ሊትር ውሃ ያጠጡታል፣ ጨው ይከለክሉታል፣ ሰውነቱ ውሃ ማስወጣትን ይለምዳል። ከዚያ ውሃውን ድንገት ያቆሙበታል፤ ሰውነቱ ግን ማስወጣቱን አያቆምም። ሩዝና ዳቦ ቀድሞ ቀርቷል፣ ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር ውሃ አብሮ ስለሚይዝ። የቀረውን በጣም ሞቃት ውሃ በሞላበት ገንዳ ያወጡታል። አሥር ደቂቃ ይነከራል፣ ይወጣል፣ ተጠቅልሎ ያልበዋል፣ ይመዘናል፣ ተመልሶ ይነከራል። ከሚዛኑ በኋላ እስከ ፍልሚያው ያለውን አንድ ቀን ተኩል የጣለውን ሲመልስ ያሳልፈዋል። ለምን ይህ ሁሉ? ቅዳሜ ኬጁ (በሽቦ የታጠረው መፋለሚያ) ውስጥ ከተጋጣሚው ከብዶ ለመገኘት ነው። ተጋጣሚውም በሌላ ሆቴል ውስጥ ያንኑ እያደረገ ነው። ሁለቱም ስለሚያደርጉት ማንም ከማንም አይከብድም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሦስተኛው ጥሪ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። በሩ በጠባቡ ተከፈተ፣ እጅ ወጣ፣ ፎጣውን ወሰደ።

አራተኛው አራት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። አራት ፎጣ። ስደርስ እጀታው ላይ "አትረብሹ" የሚለው ካርድ ተንጠልጥሏል። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። እንደገና አንኳኳሁ፤ የገንዳ ውሃ ሲፈስ ይሰማል። እየታጠበ ነው አልኩ በልቤ። የሆቴላችን ደንብ ግልጽ ነው፦ ራሱ ጠርቶ በሩን ያልከፈተ እንግዳ ካለ ለሱፐርቫይዘር በሬዲዮ ትናገራለህ። ሰባት ጥሪ ይጠብቀኝ ነበር። ፎጣዎቹን በላስቲክ አድርጌ እጀታው ላይ ሰቀልኩ፣ "ደርሷል" የሚለውን ነካሁ፣ ሄድኩ።

በሌሎች ክፍሎች ዞሬ ወደ ሊፍቱ ስመለስ በሩ ተከፈተና አሰልጣኙ ወጣ። በአንድ እጁ ማርና ሙዝ፣ በሌላው ለነገ ጠዋት የሚሆን የጨው መጠጥ ይዟል።

"አገኘኸው?" አለኝ።

"አላገኘሁትም፣ እየታጠበ ነው።"

ሰውዬው ቆመ። "ከገንዳው አውጥቼው ነው እኮ የወረድኩት። እኔ ሳልኖር እንዳትገባ ብዬዋለሁ።"

ማሩ ከእጁ ወደቀ። ኮሪደሩን በሩጫ ጨረስነው። ካርዱን ሲያስገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሁለቴ ቀይ መብራት አሳየው። ውሃው የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ አልፎ ምንጣፉ ላይ ደርሷል። ልጁ መሬት ላይ ነበር፣ ግማሽ ጎኑ በሽንት ቤቱና በገንዳው መካከል ተሰንጎ። ብቻውን ተመልሶ ገብቶ፣ ሲወጣ ዞሮበት ነው የወደቀው። ክንዱን ያዝኩት። ቆዳው እንደ ጋለ ምጣድ ነው፣ ግን ደረቅ፤ አንድ ጠብታ ላብ የለውም። ባቱ ቆዳው ሥር እንደ እንቁራሪት ይዘላል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ እኛን ግን አያይም። ደጋግሞ "መቶ ሠላሳ ስድስት፣ መቶ ሠላሳ ስድስት" ይላል።

በሬዲዮ ጠራሁ። የሆቴሉ የጥበቃ ክፍል ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ያላት ልጅ አለች፤ በሦስት ደቂቃ ደረሰች። "ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፎጣ፣ ብብቱ ሥር፣ አንገቱ ላይ፣ ጭኑ መሃል!" አለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ፎጣ ሁሉ የጋለ ነው። ንጹሕና ቀዝቃዛ የነበሩት እጀታው ላይ የሰቀልኳቸው አራቱ ብቻ ነበሩ። በበረዶ ውሃ እየነከርኩ አቀበልኳት። አምቡላንሱ ሲመጣ ልጁ ስሙን መናገር ችሎ ነበር።

ፎጣውን ከሰቀልኩበት በሩ እስከተከፈተበት 12 ደቂቃ ነው። ስልኬ ላይ ተመዝግቧል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ ጠራችኝ። ጥሩ ሰው ናት፣ ፊሊፒናዊት፣ ሃያ ዓመት የሠራች። መዝገቡን ከፍታ "ማን ነው የተቀበለህ?" አለችኝ። "በሩ" አልኳት፤ ሌላ እውነት አልነበረኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ። አብረውኝ የሚሠሩ አንዳንድ ወገኖች "ሰው አድነህ እንዴት ትቀጣለህ? ለሠራተኛ ማኅበሩ አመልክት" አሉኝ። አላመለከትኩም። ያዳነው አሰልጣኙ ወደ ላይ የተመለሰበት ሰዓት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሰውዬው ታች ለተጨማሪ ሩብ ሰዓት ቢሰለፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ቃል እጽፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ያላነበብኩት የለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በመስከረም 2013 ሌአንድሮ ሱዛ የሚባል ብራዚላዊ ተፋላሚ ሪዮ ውስጥ ሚዛን ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ክብደት ሲጥል ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር። በታኅሣሥ 2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ማኒላ ላይ በዚያው ምክንያት ሞተ። ያንግን ያስመጣው ዋን ቻምፒዮንሺፕ የተባለው የውድድር ድርጅት ከዚያ በኋላ ሕጉን ለወጠ፤ ተፋላሚው ሲመዘን ሰውነቱ በቂ ውሃ እንዳለው በሽንት ምርመራ ያሳያል፣ ካልሆነ አይፈቀድለትም። ሌሎቹም ይህን ቢወስዱ ምን አለበት እላለሁ። ትልቁ የኤምኤምኤ ድርጅት ዩኤፍሲ በ2016 የሚዛኑን ሰዓት ከከሰዓት በኋላ ወደ ጠዋት አዞረው። ሐሳቡ ውሃ ለመመለስ ሰፋ ያለ ጊዜ እንዲያገኙ ነው፤ ነገር ግን የመመለሻው ጊዜ ሲረዝም የሚጥሉትም ሊበዛ ይችላል። ካቢብ ኑርማጎሜዶቭን ታውቁታላችሁ፣ 29 ተፋልሞ አንድም ሳይሸነፍ የወጣውን። በመጋቢት 2017 እዚሁ ላስ ቬጋስ ሚዛን ሊወጣ ሲል ሆስፒታል ገብቶ ከቶኒ ፈርጉሰን ጋር የነበረው ግጥሚያ ተሰርዟል። ኬጅ ውስጥ ማንም ያላሸነፈውን ሰው ማለት ነው።

በእኛ የዕረፍት ክፍል ስለዚህ ስፖርት ሲወራ ስሙ የሚነሳው ፍራንሲስ ንጋኑ ነው። ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ በምትባል መንደር በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ፣ በ2012 ወጥቶ ሰሃራን ያቋረጠ፣ ስፔን ሲገባ የታሰረ፣ ፓሪስ ውስጥ መንገድ ላይ ያደረ፤ በመጋቢት 2021 እዚህ ከተማ ስቲፔ ሚዮቺችን በሁለተኛው ዙር ጥሎ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን የወሰደ። ከመካከላችን በሊቢያ በኩል ያለፉ አሉ፤ የእሱን ታሪክ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከአንድ ንጋኑ ሥር እንደዚያ ልጅ ያሉ ስንቶች እንዳሉ ያወቅኩት አሰልጣኙ ዓርብ ማታ ሻንጣቸውን ሊወስድ ሲመጣ ነው።

ጋሪ ላይ አብረን ስንጭን ነገረኝ። ልጁ ኩላሊቱ ተጎድቶ ገና ሆስፒታል ነው። ውሉ "አሥርና አሥር" ይባላል፤ ለመፋለሙ አሥር ሺህ ዶላር፣ ካሸነፈ ሌላ አሥር ሺህ። ካልተፋለመ ምንም የለም። ተቀጣሪ ሠራተኛ ሳይሆን ኮንትራክተር ስለሆነ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ከምታገኘዋ ላይ የአሰልጣኝ፣ የማናጀርና የግብር ይወጣል። ለዚህ ግጥሚያ ስምንት ሳምንት ተዘጋጅቷል፤ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየጫነ፣ ቀን እየሠለጠነ። በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ቢፋለም ነው። "ደውዬ ልሰርዘው ስል እጄን ይዞ ነው የለመነኝ" አለኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፦ "እሱ ለመነኝ ብዬ ነው እንግዲህ የምናገረው። ገንዳውን የሞላሁት እኔ ነኝ።" ለጉርሻ ብሎ የዘረጋልኝን ገንዘብ መለስኩለት።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ድምፅ ሳልሰማ ከበር አልነሳም። ካርድ ተንጠልጥሎም ቢሆን "ይቅርታ ጌታዬ፣ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው" እላለሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል፣ ይሰድበኝ። መልስ ካጣሁ ሬዲዮ አነሳለሁ፤ ሰባትም አሥርም ጥሪ ቢጠብቀኝ። አዲስ የሚገቡ ልጆችን እንዳለማምድ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው። ሌላም አለ፦ አንድ ክፍል በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቀ ለሱፐርቫይዘር ይነገራል። የውድድር ሳምንት ሲሆን ደግሞ የጥበቃዋ ልጅ ፎጣ የበዛባቸውን ክፍሎች ዝርዝር ከእኛ ትወስዳለች። ይህን ያመጣችው ሱፐርቫይዘሬ ናት፣ ማስጠንቀቂያውን ያስፈረመችኝ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ልጁ ተመልሶ መጣ። በ145 ነው የተፈራረመው፣ አንድ ክፍል ከፍ ብሎ። ሐሙስ ማታ ከክፍሉ የተጠየቀው ሁለት ፎጣ ብቻ ነበር። አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለ ከውስጥ።

እኔን አላወቀኝም፤ የዚያን ሌሊት ምንም አያስታውስም። አሰልጣኙ ግን ከኋላው ሆኖ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ቅዳሜ ሦስቱንም የአምስት አምስት ደቂቃ ዙር ተፋልሞ በዳኞች ነጥብ ተሸነፈ። እሑድ ጠዋት ፈረቃ ተክቼ ስለገባሁ ሻንጣቸውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። የግራ ዓይኑ ተዘግቷል፣ ቅንድቡ ላይ አራት ስፌት አለ። ሎቢው ውስጥ ታክሲ እስኪመጣ ቆሞ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ አንድ ጊዜ ሳያወርድ ጠጣው፣ ባዶውን ሰጠኝና "ሌላ አለህ?" አለኝ።

ከጋሪዬ ላይ የራሴን አንስቼ ሰጠሁት።